የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ ምርጫ፦ የመረብ ዓይን፣ ክርና መንጠቆ ሲገዙ ሊታወቁ የሚገባቸው ነጥቦች

በሐይቆችና በግድቦች ዙሪያ በማኅበር ለሚደራጁ ወጣቶች የዓሣ ማስገሪያ መሣሪያ ማቅረብ የብዙ ወረዳና ዞን ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ሆኗል። የግዢ መጠየቂያው «የዓሣ መረብ» ከሚል ሐረግና ከብዛቱ በስተቀር ሌላ ነገር የማይገልጽ ከሆነ ግን የመሣሪያውን ዓይነት የሚወስነው ጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን አቅራቢው ነጋዴ ይሆናል። በመረብ ዓይን ላይ የሚታይ የጥቂት ሴንቲሜትር ልዩነት አንድ ዓሣ ከመራባቱ በፊት ወይም ከተራባ በኋላ እንዲያዝ ያደርጋል። በመሆኑም ማኅበሩ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሥራ ላይ መቆየቱና አለመቆየቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚሁ የመጀመሪያ ግዢ ነው።

በኢትዮጵያ የውኃ አካላት ለገበያ ከሚቀርቡት ዓሦች መካከል ዋና ዋናዎቹ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ በመባል የሚታወቀው ወገንና በጫሞ፣ በአባያ፣ በኦሞና በባሮ የሚገኘው ናይል ፐርች ናቸው። እነዚህ ዓሦች በመጠንም ሆነ በአኗኗር ስለሚለያዩ ለሁሉም የሚሆን አንድ መሣሪያ የለም።

መረብ ዓሣን የሚለየው እንዴት ነው?

በአብዛኞቹ ሐይቆች በሥራ ላይ የሚውለው ማታ ተዘርግቶ በውኃ ውስጥ እንደ አጥር ቆሞ የሚያድርና ጠዋት የሚነሣ ቋሚ መረብ ነው። ዓሣው መረቡን ሳያይ ሲዋኝ ጭንቅላቱ በመረቡ ዓይን ያልፋል፤ ሰፊው የሰውነቱ ክፍል ግን አያልፍም። ወደ ኋላ ለመመለስ ሲሞክር ክሩ ከጉሮሮ ክዳኑ ሥር ይይዘዋል።

ይህ አሠራር ከወንፊት ይለያል። ወንፊት ከቀዳዳው የሚያንሰውን ሁሉ ያሳልፋል፤ የሚበልጠውን ሁሉ ያስቀራል። ቋሚ መረብ ግን በጣም ትንሹን ዓሣ ያሳልፋል፤ በጣም ትልቁም ጭንቅላቱ ስለማይገባለት ገፍቶት ይመለሳል። የሚያዘው በመካከል ያለው መጠን ነው። ስለዚህ የመረቡን ዓይን መምረጥ ማለት የሚያዘውን ዓሣ መጠን መምረጥ ማለት ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ሲወጠር 10 ሴንቲሜትር የሚሆን የመረብ ዓይን ዙሪያው 20 ሴንቲሜትር ነው። እንዲህ ያለው መረብ ይበልጥ የሚይዘው የወገቡ ዙሪያ ከመረቡ ዓይን ዙሪያ በሩብ ያህል የሚበልጠውን፣ ማለትም 25 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነውን ዓሣ ነው። የመረቡ ዓይን ወደ 6 ሴንቲሜትር ቢወርድ ይበልጥ የሚያዘው የወገቡ ዙሪያ 15 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ዓሣ ይሆናል። ሁለቱ መረቦች በመጋዘን ተጠቅልለው ሲታዩ የሚለዩ አይመስሉም፤ ከሐይቁ የሚያወጡት ዓሣ ግን እጅግ የተለያየ ነው።

ለአንድ ሐይቅ የሚስማማውን የመረብ ዓይን ለማወቅ የሚረዳው መረጃ ዓሣው ለመራባት የሚደርስበት መጠን ነው። ባለሙያው በመራቢያ ወቅት ከተያዙት ዓሦች ናሙና ወስዶ ሆዳቸውን በመክፈት ዕንቁላል ወይም የወንዴ ዘር የቋጠሩትን ይለያል፤ ርዝመታቸውን በማስመሪያ፣ የወገባቸውን ዙሪያ ደግሞ በሲባጎ ይለካል። ከናሙናው ግማሽ ያህሉ ለመራባት ደርሰው የተገኙበትን መጠን መነሻ በማድረግ በዚያ መጠን ላይ ያለውን የወገብ ዙሪያ ለ2 ነጥብ 5 ሲያካፍል የተወጠረ የመረብ ዓይን ልክ ያገኛል። ከተገኘው ቁጥር ከፍ ያለ መረብ መምረጥ ብዙው ዓሣ ከመያዙ በፊት እንዲራባ ዕድል ይሰጣል። በሰበታ፣ በባሕር ዳርና በባቱ የሚገኙት የዓሣ ምርምር ማዕከላት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ሙያዊ ድጋፍ ሊጠየቁ የሚችሉ ተቋማት ናቸው።

የመረብ ዓይን አለካክ

የመረብ ዓይን በሁለት መንገድ ይገለጻል። አንደኛው ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ቀጣዩ ቋጠሮ ያለው የአንድ ጎን ርዝመት ነው። ሁለተኛው የመረቡ ዓይን ተወጥሮ ሲዘጋ ከአንዱ ቋጠሮ እስከ ተቃራኒው ቋጠሮ ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ስለሚሆን የጎን ልኩ 5 ሴንቲሜትር የሆነ መረብ የተወጠረ ልኩ 10 ሴንቲሜትር ነው። የልኩ ዓይነት ካልተገለጸ ጽሕፈት ቤቱ የጠየቀውና ነጋዴው የሚያቀርበው በእጥፍ ሊለያይ ይችላል።

በተጨማሪም በገበያ ላይ መረቦች ብዙ ጊዜ በኢንች ይሸጣሉ። አንድ ኢንች 2 ነጥብ 54 ሴንቲሜትር ስለሆነ ባለ 4 ኢንች የተወጠረ መረብ 10 ነጥብ 16 ሴንቲሜትር፣ ባለ 3 ኢንች ደግሞ 7 ነጥብ 62 ሴንቲሜትር ይሆናል።

ልኩን ለማረጋገጥ መረቡን ውኃ አስነክሮ 10 የመረብ ዓይኖችን በአንድ ረድፍ መወጠር፣ ጠቅላላ ርዝመቱን በማስመሪያ መለካትና ለ10 ማካፈል በቂ ነው። ይህንኑ በመረቡ ሦስትና አራት ቦታዎች ላይ መድገም ያስፈልጋል። የተገኘው ልክ ክልሉ በመመሪያ ከወሰነው ዝቅተኛ የመረብ ዓይን ጋር ይነጻጸራል።

የክር ዓይነትና ውፍረት

በመረብ ጥቅል ላይ «210/6»፣ «210/9» ወይም «210/12» የሚሉ ቁጥሮች ተጽፈው ይገኛሉ። 210 የሚለው በዴኒየር የተገለጸ የአንድ ቀጭን ክር ክብደት ሲሆን 9 ሺህ ሜትር የሚረዝመው ክር 210 ግራም ይመዝናል ማለት ነው። ከመስመሩ በኋላ ያለው ቁጥር እንዲህ ያሉ ስንት ክሮች አንድ ላይ እንደተገመዱ ያሳያል። በመሆኑም ቁጥሩ በጨመረ መጠን ክሩ ይወፍራል።

ቀጭን ክር በውኃ ውስጥ እምብዛም ስለማይታይና ለስላሳ ስለሆነ ብዙ ዓሣ ይይዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ይበጠሳል። ወፍራም ክር ረጅም ጊዜ ያገለግላል፤ ሆኖም ዓሣው በቀላሉ ያየዋል። ውኃው በደለል በደፈረሰበት አካባቢ የክሩ መታየት የሚያመጣው ጉዳት ስለሚቀንስ ወፍራሙን መምረጥ ይቻላል። ትልልቅ ናይል ፐርች በሚያዝበትና አዞ መረብ በሚበጥስበት እንደ ጫሞ ባለ ሐይቅም ጠንካራ ክር ያስፈልጋል።

ከዚህ የተለየ ትኩረት የሚያሻው ሞኖፊላመንት የሚባለው፣ ከአንድ ወጥ የናይሎን ዘንግ የሚሠራ እንደ መስተዋት የሚያሳይ መረብ ነው። ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑና በውኃ ውስጥ ጨርሶ ስለማይታይ በአስጋሪዎች ዘንድ ተፈላጊ ሆኗል። ይሁን እንጂ ሲበጠስ እንደ ተገመደ ክር ለመጠገን አያመችም። በዚህም ምክንያት በሐይቁ ዳርቻና ወለል ላይ ይጣላል፤ በውኃ ውስጥ የቀረውም ባለቤት ሳይኖረው ዓሣና የውኃ ወፍ መያዙን ይቀጥላል። በጣና ሐይቅ የዚህ መረብ መስፋፋት የሀብቱ አሳሳቢ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ማንኛውም የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ግዢ ከመፈጸሙ በፊት የክልሉን መመሪያ መመልከትና «ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ» የሚለውን ሐረግ በዝርዝር መግለጫው ውስጥ ማስፈር ይኖርበታል።

ናይሎን በፀሐይ ብርሃን ይዳከማል። መረቡ ከሥራ በኋላ ታጥቦ በጥላ ሥር ከደረቀና አይጥ በማይደርስበት ቦታ ከተሰቀለ የአገልግሎት ዘመኑ ይራዘማል።

የመረብ አሰቃቀል፣ ተንሳፋፊና ማስጠሚያ

መረብ ሳይሰቀል በጥቅል ሲሸጥ የተጻፈበት ርዝመት ሙሉ በሙሉ ተወጥሮ የተለካ ነው። የመረቡ ዓይን በውኃ ውስጥ ተከፍቶ እንዲቆም ግን በገመድ ላይ ሰብሰብ ተደርጎ መሰቀል አለበት። በተለመደው አሠራር 100 ሜትር ጥቅል በ50 ሜትር ገመድ ላይ ይሰቀላል። ስለዚህ «100 ሜትር መረብ» የሚል ግዢ የጥቅሉን ወይስ የተሰቀለውን ርዝመት እንደሚመለከት ካልተገለጸ ማኅበሩ የጠበቀውን ግማሽ ብቻ ሊረከብ ይችላል።

ቁመቱም በዚሁ አኳኋን ይቀየራል። ቁመቱ 50 ዓይን የሆነ ባለ 10 ሴንቲሜትር መረብ ሲወጠር 5 ሜትር ይሆናል፤ በግማሽ ተሰብስቦ ሲሰቀል ግን ወደ 4 ነጥብ 3 ሜትር ይወርዳል። አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ለሆነው ለጣና ይህ ቁመት የሚመች ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ 2 ነጥብ 5 ሜትር ገደማ በሆነው በዝዋይ ሐይቅ ግን የመረቡ ትርፍ ክፍል ወለሉ ላይ ተጣጥፎ ይተኛል።

ለላይኛው ገመድ ከውኃ የሚቀልለው ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፕሊን ይመረጣል። ናይሎን በራሱ ስለሚሰጥም ለዚህ አይመችም። መረቡ በውኃው አናት፣ በመካከል ወይም በወለሉ ላይ የሚቆመው በተንሳፋፊውና በማስጠሚያው ሚዛን ነው። ቆሮሶን በዳርቻ፣ አምባዛን በወለል አካባቢ ለመያዝ የሚዘጋጁ መረቦች የተለያየ ሚዛን ያስፈልጋቸዋል።

መንጠቆና ባለብዙ መንጠቆ ገመድ

እንደ አምባዛና ናይል ፐርች ያሉ ሌሎች ዓሦችን የሚመገቡ ዓሦች በመንጠቆ በሚገባ ይያዛሉ። ውኃ የዋጣቸው ዛፎች ባሉባቸው አዳዲስ የግድብ ሐይቆችም መረብ በቅርንጫፍ ተይዞ ስለሚቀደድ መንጠቆ ተመራጭ ይሆናል።

የመንጠቆ ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ግራ ያጋባል። ከ1 በላይ ያሉት ቁጥሮች በጨመሩ መጠን መንጠቆው ያንሳል፤ 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ያነሰ ነው። ከዜሮ ጋር የሚጻፉት ግን በተቃራኒው ናቸው፤ 4/0 ከ1/0 ይበልጣል። መለያ ቁጥሮች ከአምራች አምራች በመጠኑ ስለሚለያዩ ከግዢ መጠየቂያው ጋር ናሙና ማያያዝ አስተማማኝ ነው።

በባለብዙ መንጠቆ ገመድ ላይ በአንድ ዋና ገመድ ብዙ አጫጭር ቅርንጫፍ ክሮች ይታሰራሉ። በሁለት ቅርንጫፎች መካከል ያለው ርቀት ከአንዱ ቅርንጫፍ ርዝመት እጥፍ በላይ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የተያዙት ዓሦች ክሮቹን ያጠላልፏቸዋል። ቅርንጫፉ 50 ሴንቲሜትር ከሆነ 1 ሜትር ተኩል ማራራቅ በቂ ሲሆን ለ100 መንጠቆ 150 ሜትር ያህል ዋና ገመድ ያስፈልጋል።

ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈው ክብ መንጠቆ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው በከንፈር ጠርዝ ነው። ቀጥ ያለው የተለመደው መንጠቆ ግን ወደ ሆድ ዕቃ ሊዋጥ ይችላል። በከንፈሩ የተያዘ ዓሣ በሕይወት ይቆያል፤ ያልደረሰ ከሆነም ተመልሶ ወደ ውኃው ሊለቀቅ ይችላል። አምባዛ አየር መተንፈስ ስለሚችል በመንጠቆ ተይዞ ሕያው እንደሆነ ወደ ገበያ ለመድረስ የተሻለ ዕድል አለው።

በመንጠቆ ላይ ለሚደረገው ምግብ ትናንሽ ቆሮሶዎችን መጠቀም ግን ጉዳት አለው። ለአንድ አምባዛ ሲባል ነገ የሚያድገውን ቆሮሶ ማጥፋት የመረብን ዓይን በማስፋት የተገኘውን ጥቅም መልሶ ይወስዳል። የታረደ ዓሣ ተረፈ ምርትን መጠቀም የተሻለ አማራጭ ነው።

በዘንግ የሚደረግ ዓሣ ማስገር

በጫሞ፣ በኦሞና በባሮ ናይል ፐርችን በዘንግና በሰው ሠራሽ ማታለያ መያዝ ለቱሪዝም ሊውል የሚችል ተግባር ነው። ማታለያው እየተሽከረከረ የሚያንጸባርቅ ብረት ወይም በዓሣ መልክ የተሠራ እንጨትና ፕላስቲክ ሊሆን ይችላል። ውኃው ሲጠራ የትንሽ ዓሣን መልክና ቀለም የያዘው ይሠራል። ውኃው ሲደፈርስ ደግሞ ዓሣው በጎኑ ባለው የስሜት መስመር የውኃውን ንዝረት ስለሚያውቅ ብዙ የሚንቀጠቀጥና ድምፅ የሚሰጥ ማታለያ ይመረጣል።

የናይሎን ክር ስለሚለጠጥ የትልቅ ዓሣን ድንገተኛ ጉተታ ያበርዳል። የተጠለፈ ክር በተመሳሳይ ጥንካሬ ቀጭን ቢሆንም አይለጠጥም፤ በድንጋይ ሲፈገፈግም ቶሎ ይጎዳል። ስለዚህ በጫፉ ላይ ወፍራም ናይሎን መቀጠል ያስፈልጋል። ሹል ጥርስ ያለው ታይገር ፊሽ በሚገኝባቸው ወንዞች ደግሞ የሽቦ ቅጥያ ካልተደረገ ክሩ ይቆረጣል። ቋጠሮ የክርን ጥንካሬ ስለሚቀንስ ከመጥበቁ በፊት በውኃ መራስ አለበት። የክር መጠቅለያው መያዣ ከክሩ ጥንካሬ ከሩብ እስከ ሲሶ ባለው ጉተታ ላይ እንዲለቅ ይስተካከላል፤ ለ20 ኪሎ ግራም ክር ይህ ከ5 እስከ 6 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን በእጅ ሚዛን ሊረጋገጥ ይችላል። ዓሣው ተመልሶ እንዲለቀቅ ከተፈለገ የመንጠቆውን እሾህ በጉጠት ማጣጠፍ ይበቃል።

ትክክለኛ መሣሪያ፣ ትክክለኛ ያልሆነ ቦታ

የመረብ ዓይን መስፋት ብቻውን ሀብቱን እንደማያድን የጣና ነጭ ዓሣ ታሪክ ያስረዳል። በሐይቁ የዚህ ወገን የሆኑ ቢያንስ 15 ዝርያዎች ሲገኙ አብዛኞቹ በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አይኖሩም። ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ የሚካሄድ ዓሣ ማስገር በሐይቁ ተስፋፋ። ከዚህ ወገን ብዙዎቹ ዝርያዎች በክረምት ዕንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ከዚያ በፊትም በወንዞቹ መግቢያ ላይ ይሰበሰባሉ። መረቡ በዚሁ ስፍራና ወቅት ይዘረጋ ስለነበር የሚያዘው ሊራባ የተዘጋጀው ትልቅ ዓሣ ነበር። ተመራማሪዎች ባደረጉት ክትትል ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት 10 ዓመታት የነጭ ዓሣ ቁጥር በ75 በመቶ፣ የታዳጊዎቹ ቁጥር ደግሞ በ90 በመቶ መቀነሱ ተረጋግጧል።

በወንዞቹ ላይ የተፈጨ የብርብራ ፍሬ በመበተን ዓሣን ማደንዘዝም ትልቅና ትንሽ ሳይለይ ይገድላል። ለዚህ ድርጊት የሚመች የመረብ ዓይን ልክ ሊኖር አይችልም።

ቆሮሶ በበኩሉ በጥልቀት በሌለው ዳርቻ ጎጆ ይሠራል፤ እናቲቱም ዕንቁላሎቿንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። በዳርቻ የሚጎተት መረብ ጎጆውን ያፈርሳል፤ አንዲት እናት ስትያዝም በአፏ ያለው ትውልድ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የመራቢያ ዳርቻዎችን ለይቶ መከለል ከመረብ ቁጥጥር ጋር አብሮ መሄድ የሚኖርበት ለዚህ ነው።

በፌዴራል ደረጃ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣ ሲሆን ክልሎችም በየበኩላቸው ዝርዝር ድንጋጌዎችን አውጥተዋል። የግዢ ሥራ ሂደት፣ የዓሣ ሀብት ባለሙያና ተቆጣጣሪ እነዚህን ድንጋጌዎች በጋራ ካላነበቧቸው አንዱ ጽሕፈት ቤት የገዛውን መረብ ሌላው ሕገወጥ ብሎ የሚወርስበት ሁኔታ ሊፈጠር ይችላል።

በግዢ ዝርዝር መግለጫ ሊካተቱ የሚገባቸው

ከላይ የተዘረዘሩትን ነጥቦች መሠረት በማድረግ የመረብ ግዢ መግለጫ ቢያንስ የሚከተሉትን ሊይዝ ይገባል፦

1. የሚያዘው የዓሣ ዓይነትና መረቡ የሚውልበት ሐይቅ፤
2. የተወጠረ የመረብ ዓይን ልክ በሴንቲሜትር፤
3. የክሩ ዓይነት፣ የተገመደ መሆኑና የዴኒየር ቁጥሩ፤
4. የጥቅሉ ርዝመት ወይም የተሰቀለው ርዝመት ተለይቶ፣ እንዲሁም ቁመቱ በዓይን ብዛት፤
5. የገመድ፣ የተንሳፋፊና የማስጠሚያ ዓይነትና ብዛት፤
6. ለጥገና የሚሆን መለዋወጫ ክርና መርፌ።

በእነዚህ ነጥቦች ያልተገደበ ጨረታ በዋጋ ብቻ ስለሚወሰን አሸናፊው አብዛኛውን ጊዜ ቀጭንና ዓይነ ጠባብ የሆነው መረብ ነው። መረቡ በመጀመሪያው ወራት ብዙ ዓሣ ያስገኛል፤ የሪፖርቱም አኃዝ ያድጋል። የሚያዘው ዓሣ ግን ትንሽ በመሆኑ ሲገፈፍ የሚተርፈው ሥጋ አነስተኛ ነው፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ይሆናል። ከዓመት ወደ ዓመት ሊራባ የሚችለው ዓሣ እየቀነሰ ሲሄድ አስጋሪው ያንኑ ገቢ ለማግኘት ተጨማሪ መረብ ይዘረጋል፤ የመረቡንም ዓይን ይበልጥ ያጠባል።

ስለዚህ የርክክብ ኮሚቴ መጋዘን ሲገባ መረቡን ከመቁጠር ባሻገር ማስመሪያና አንድ ባልዲ ውኃ ይዞ መቅረብ አለበት። አሥር የመረብ ዓይኖችን አርሶ፣ ወጥሮና ለክቶ ለማረጋገጥ የሚፈጀው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ልኩ ከመግለጫው ጋር ካልተስማማ መረቡን ለአቅራቢው መመለስ የሚቻለው በዚያን ሰዓት ነው። ሐይቅ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን የሚያስከትለውን ጉዳት በደብዳቤ ማስተካከል አይቻልም።